ለሁሉም የሚበጅ ሕክምና የሁሉንም ደም መመርመር ይጠይቃል

በዩናይትድ ኪንግደም ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች የሰጡት የደም ናሙና፣ ወደ 250 የሚጠጉ ውህዶች ተለክተውበት ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2025 ለተመራማሪዎች ክፍት ሆኗል። ሥራው ሕክምናን ለእያንዳንዱ ሰው የተመጠነ ለማድረግ ለሚካሄደው ጥረት ከፍተኛ አስተዋጽኦ እንደሚያደርግ ይታመናል። ይሁንና ውጤቱ ለማን ያገለግላል የሚለው ጥያቄ በተለይ ለአፍሪካ አገሮች በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ሜታቦላይት በመባል የሚታወቁት እነዚህ ውህዶች ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ የሚገለገልባቸውና የሚያመነጫቸው ናቸው። ስኳር፣ የቅባት ዓይነቶች፣ አሚኖ አሲዶችና የኩላሊትን አሠራር የሚያመለክተው ክሪያቲኒን ከእነዚሁ ይመደባሉ። ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመል ከልደት እስከ ሞት እምብዛም አይለወጥም፤ ውህዶቹ ግን ሰው የበላውን፣ የታመመውንና የወሰደውን መድኃኒት ተከትለው ይለዋወጣሉ። ልኬታቸውን ያካሄደው የፊንላንዱ ናይቲንጌል ሄልዝ ኩባንያ ሲሆን፣ የተጠቀመበት ቴክኖሎጂ ኤም አር አይ ከሚሠራበት የመግነጢስ መርህ ጋር ተመሳሳይ ነው።

እ.ኤ.አ በ2022 ኔቸር ሜዲስን በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ወደ 118 ሺህ ከሚጠጉ የዚሁ ባዮባንክ ተሳታፊዎች የተለኩ 168 ውህዶችን ከ24 በሽታዎች ጋር አገናዝቧል። የውህዶቹ ልኬት ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታን፣ የመርሳት በሽታንና የልብ ድካምን ጨምሮ በስምንት በሽታዎች ረገድ፣ ሐኪሞች በተለመዱት የምርመራ ዘዴዎች ከሚያውቁት በላይ መረጃ ሰጥቷል። ከአንድ የደም ናሙና ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ጉዳዩ የሚከብደው ናሙናው የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ባዮባንኩ እ.ኤ.አ ከ2006 እስከ 2010 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 ለሆነ 9 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ጥሪ ቢያደርግም፣ ፈቃደኛ የሆኑት 5 ነጥብ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 94 በመቶ ያህሉ ነጮች ሲሆኑ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ በአማካይ የተሻለ ጤንነት እንዳላቸውም ተረጋግጧል።

ልዩነቱ የሚያስከትለው ጉዳት በተግባር ታይቷል። ኤችቢኤዋንሲ የተባለው የደም ምርመራ የስኳር በሽታን ለመለየት በመላው ዓለም ያገለግላል። ሆኖም እ.ኤ.አ በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከአፍሪካውያን አሜሪካውያን መካከል 11 በመቶ ያህሉ የያዙት አንድ የዘረመል ልዩነት የምርመራውን ውጤት ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ አመልክቷል። በዚህ ምርመራ ብቻ ከተሠራ 650 ሺህ ያህል አፍሪካውያን አሜሪካውያን የስኳር ሕሙማን ሳይታወቁ ሊቀሩ እንደሚችሉም አጥኚዎቹ ገምተዋል። አንድ መለኪያ ይህን ያህል ካሳሳተ፣ 250 መለኪያዎችን በአንድ ሕዝብ ደም ብቻ አስልቶ ለሌላው ማዋል ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አመጋገብም የራሱ ድርሻ አለው። በኢትዮጵያ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይቀምስ የሚጾም ምእመን ቁጥሩ ብዙ ነው። የዚህ ሰው የደም ቅባት በሁዳዴ ማብቂያና በፋሲካ ማግስት ሲለካ አንድ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

በአፍሪካ እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል የተካሄደው ኤች3አፍሪካ የተሰኘው ፕሮግራም የአህጉሩን ተመራማሪዎች በማሠልጠንና የናሙና ማከማቻዎችን በማቋቋም ጥሩ መሠረት ጥሏል፤ ትኩረቱ ግን በአብዛኛው ዘረመል ላይ ነበር። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ በ2015 በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አገር አቀፍ ጥናት ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈው የስኳርና የኮሌስትሮል መጠን ተለክቷል። በቀጣይ በሚካሄዱ መሰል ጥናቶች በተሳታፊው ፈቃድ ጥቂት ደም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያቀዘቅዝ ማከማቻ ቢቀመጥና የተቀዳበት ወቅት ጾም ይሁን ፍስክ አብሮ ቢመዘገብ፣ አገሪቱ የራሷን የንጽጽር መነሻ ማግኘት ትጀምራለች። ለዚህም ከገንዘቡ ባልተናነሰ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልጋል።