የገጠር ሰው ለሳቅ ብቻ አይጠራ፤ ከዘመሮ የቀረበ አቤቱታ

ለአማርኛ ተከታታይ ድራማ ደራስያን፣ አዘጋጆችና ፕሮዲውሰሮች
ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የፕሮግራም ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የገጠር ሰው በድራማችሁ የሚቀርብበትን ሁኔታ ይመለከታል

እኔ አመልካች በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፣ የዘመሮ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ሥራዎቻችሁን ከቤተሰቤና ከጎረቤቶቼ ጋር ለዓመታት ስከታተል የኖርኩ ተመልካች ነኝ። ይህን አቤቱታ የማቀርበው ሥራችሁን ንቄ ሳይሆን ወድጄው ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አገራችን ደጋ ነው፤ ብርዱ ሲከብድ በር ይዘጋና ቴሌቪዥን ያለበት ቤት እንሰባሰባለን። እናቶች ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር እየፈተሉ፣ ተማሪው ደብተሩን ጭኑ ላይ እንደያዘ ያያሉ፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ክፍሉ ሳያልቅ የሚነሣ የለም። «ሰው ለሰው» ይታይ በነበረበት ጊዜ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ቀጥሎ ምን ያስብ ይሆን እያልን ሳምንቱን ሙሉ ስንከራከር እንሰነብት ነበር። አስናቀ ክፉ ነበር። ሆኖም ደራስያኑ አሳቢ አድርገው ስለሠሩት እኛንም ያሳስበን ነበር።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን አእምሮ ለከተማው ነጋዴ፣ ለጠበቃውና ለሐኪሙ ትሰጣላችሁ። የእኛ ሰው ሲመጣ ግን ወይ የግቢ ዘበኛ፣ ወይ የቤት ሠራተኛ፣ ወይ ከገጠር ድንገት የመጣ አጎት ነው። ሊፍት ያስፈራዋል፣ ስልክ መያዝ አይችልም፣ የተነገረውን ሁሉ አጣሞ ይሰማል። አነጋገሩም የጎጃም ወይም የወሎ አይደለም፤ የመንዝም አይደለም፤ ለማሳቅ ሲባል ብቻ የሚጎተት ድምፅ ነው። የራሱ ጉዳይ፣ የራሱ ምኞት የለውም። እሱ ያለበትን ትዕይንት ቆርጣችሁ ብታወጡት ከታሪኩ የሚጎድል አይኖርም።

ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣች የጎረቤት ልጅ አንድ ምሽት አብራን ተቀምጣ ነበር። እዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስናየው በነበረው ድራማ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ሲኒ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ስትገባ ተደናቀፈች፤ ሲኒው ተሰባበረ። እመቤቲቱ ስትጮህባት በዚያው በተጎተተ ድምፅ አንድ የማይገናኝ ነገር መለሰች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ «በጎቹን ልይ» ብላ ወጣች። በጎቹ ግን ከገቡ ቆይተው ነበር። እናቷ እንዝርቷን አስቀምጣ ተከተለቻት፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ይህች ልጅ በደመወዟ ወንድሟን ታስተምራለች፤ ራሷም የማታ ትምህርት ጀምራለች። እንዲህ ያለችውን ሠራተኛ በድራማችሁ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ በየቤታችሁ ግን ያለችው እሷ ናት።

የገጠርን ሰው አሳቢ አድርጎ መሥራት አይቻልም እንዳትሉኝ ምስክር አለኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ ያውቃል። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎች በወጋየሁ አንደበት ሲናገሩ ሳቅ ነበረበት፤ ሳቁ ግን ከሰዎቹ ብልሃት የሚወጣ እንጂ በሰዎቹ ላይ የሚወርድ አልነበረም። በቅርቡም አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተቻቸው እናና አፋቸውን ሲከፍቱ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። እናቴም ስለ እናና እንደ አንዲት የሰፈር ባልቴት ታወራ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲገባ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎች ባህላችን ይጎዳል፣ የአገር ውስጥ ሥራ ይሞታል ብላችሁ ተቃወማችሁ። ስጋታችሁ ከንቱ ነበር አልልም። ነገር ግን ይጠበቅ ያላችሁት ባህል በአብዛኛው ያለው እንደ ዘመሮ ባለ ስፍራ ነው፤ የሚኖሩትም በድራማችሁ የሚሳቅባቸው ሰዎች ናቸው። የቱርኩ ድራማ አያውቀንም፣ ስለዚህም አላዋረደንም። የወገኔ ድራማ ሲያዋርደኝ ግን ለማን አቤት ልበል?

ታሪክ ከፈለጋችሁ ወደ መንዝ ኑ። የጓሳን ሣር አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት፣ ደረሰ ሲባል ለቤት ክዳኑም ለገመዱም በአንድነት ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። በዚያ በጥበቃው ዘመን ዝናብ የሚያፈስ ጎጆ ያለው ሰው በሌሊት ማጭድ ይዞ ወደ ተዘጋው ሣር ሲወጣ፣ በጥበቃ ላይ ያለው ደግሞ የገዛ ወንድሙ ቢሆን፣ ከዚህ የበለጠ ምን ድራማ ይፈለጋል?

 

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የገጠር ሰው የሚጫወት ተዋናይ አገሩ ድረስ ወርዶ አነጋገሩን ይማር። ለገጸ ባሕሪውም የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ የሚያቅደው ነገር ይሰጠው። የቤት ሠራተኛ ስትጽፉም ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ጽሑፉን ከመንዝ ለመጣች አንዲት ሠራተኛ አንብቡላት፤ ይህ ወጪ የለውም። የቱ እንደሚያስቃት፣ የቱ እንደሚያስከፋት ትነግራችኋለች፤ የነገረቻችሁንም አስተካክሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካች፣ ከዘመሮ