ቪትዝ ለፑኝዶ፦ ሀብት ወይስ ዕዳ?

ያገለገለች ቪትዝ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ፑኝዶ ለመውሰድ የሚያስብ ነጋዴ ከደላሎች ዘንድ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው። «መኪና አይከስርም፤ ነገ ጨምረህ ትሸጣታለህ» ይሉታል። የዚህ ምክር ግማሹ እውነት ሲሆን አደጋው ያለው በቀረው ግማሽ ነው።

እውነቱ ከአቅርቦት ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ቪትዝ ዋጋዋን የያዘችው ተተኪዋ ስለጠፋ ነው።

ይሁንና ይህ ዋጋ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ፑኝዶ ደግሞ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ትላለች። ጨምሮ የሚገዛው ሰው ያለው መኪናዋ በተገዛችበት ከተማ ነው። ወደዚያ እስክትመለስ ድረስ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለችው ቪትዝ ከአስፋልት በወረደች ቁጥር ጎማዋንና እግሯን ትበላለች። መለዋወጫው ሱማሌ ተራ ነው፤ የማስመጫው ወጪና መኪናዋ የምትቆምበት ቀን የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ሒሳቡን እናስላ። ለምሳሌ ዋጋዋ 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ይኸው ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ በዓመት 70 ሺህ ብር ያስገኛል። መኪናዋ 365 ቀን ከሠራች ይህ በቀን 192 ብር ገደማ ይሆናል። በጋምቤላ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ 200 ቀን ብቻ ብትሠራ ግን በቀን 350 ብር ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማና መካኒክ ሳይታሰብ ነው። ቤንዚኑ ከጋምቤላ በጀሪካን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል።

«የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ» የሚልም አይጠፋም። ሆኖም የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያዎች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ በመሆኑ ለፑኝዶ ነጋዴ የሚያስተማምን አይደለም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ቪትዝ የምታዋጣው ሥራው በጋምቤላ ከተማ አስፋልት ላይ ለሆነ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ሳያመሳክር፣ መኪናዋ የባንክ ዕዳ ወይም ዕግድ እንደሌለባት ሳያጣራ፣ የራሱን መካኒክ ሳያሳይ ቀብድ መክፈል የለበትም። በፑኝዶ ለሚነግድ ሰው ግን ዕቃውን በጭነት መኪና በኪራይ እያስመጣ ገንዘቡን በሸቀጥ ላይ ማዋሉ ይሻለዋል። ሸቀጥ በዓመት ብዙ ጊዜ ይገላበጣል። ጭቃ ውስጥ የቆመች መኪና ግን የአዲስ አበባ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢወደድ ለባለቤቷ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ናት።