መዝገብን በአንድ ዲስክ ማመን አይገባም
በጅማ መርካቶ የሚነግድ ሰው የቡና ግዥውንና የዱቤ ሂሳቡን በአንድ ዲስክ ብቻ ቢያኖር፣ ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ማስረጃውን ያጣል፤ ከገበሬውም ጋር ይጣላል። በእኔ አስተያየት በቤቱ ሦስት ዲስኮችን በኅብረት ማሠራት ይሻለዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጽሑፍ ቀርቧል። ሁለቱ ዲስኮች መዝገቡን ሲይዙ ሦስተኛው የሁለቱን ድምር ይይዛል፤ ድምሩ 9፣ አንዱ 4 ከሆነ ሌላው 5 መሆኑ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ የያዘው ከቀሩት ተሰልቶ ይገኛል። ይህን ሥራ ዛሬ ተራ ኮምፒዩተር በፕሮግራም ብቻ ያከናውነዋል። ይሁን እንጂ እሳትና ሌባ ሦስቱንም ባንድነት ይወስዳሉ። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሌላ ቅጂ በአጋሮ ባለ ዘመድ ቤት ሊቀመጥ ይገባል።