ከአገልግሎት መስኮቱ ጀርባ፦ የሠራተኞችን የሥራ ጫና በመጠይቅ መለካት ለተገልጋዩ ምን ይጠቅማል?

የመንግሥት አገልግሎት ሲመዘን ዘወትር የሚጠየቀው ተገልጋዩ ነው። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ፣ የአስተያየት መዝገቡና የተገልጋይ እርካታ ዳሰሳው ሁሉ የተዘጋጁት ለእርሱ ነው። የዜጎች ቻርተርም ለየአገልግሎቱ የጊዜ ስታንዳርድ ያስቀምጣል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ተገልጋዩ ሊናገር የሚችለው ጉዳዩ መዘግየቱን ወይም መልካም መስተንግዶ ማጣቱን ነው፤ ለምን እንደዘገየና ሠራተኛው ለምን እንደተሰላቸ ከእርሱ መልስ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ሠራተኛውንም በአግባቡ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ በቱላ ሲታይ

ከሐዋሳ ከተማ 8 ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ሃዌላ ቱላ የከተማም የገጠርም ቀበሌዎችን ያቀፈ ነው። በዚህ የተነሳ በአንድ መስሪያ ቤት በር ላይ የንግድ ፈቃድ የሚያድስ ነጋዴ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የምትፈልግ እናትና የይዞታ ጉዳይ ይዞ ከገጠር ቀበሌ የመጣ አርሶ አደር አብረው ሊሰለፉ ይችላሉ። ባለሙያው የሚያስተናግደው የተለያየ ቋንቋ፣ የተለያየ የትምህርት ደረጃና የተለያየ ጥድፊያ ያለበትን ሰው ነው። ኔትወርክ በተቋረጠ ቀን ደግሞ ለችግሩ መነሻ ባይሆንም ቁጣውን ፊት ለፊት የሚቀበለው እርሱ ነው።

በዚህ ላይ የመዋቅር ለውጥ ተጨምሯል። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በአዳዲስ ክልሎች ሲተካ ሐዋሳ የዚያ ክልል መቀመጫነቷ አበቃ። በእነዚህ ዓመታት በከተማዋ የነበሩ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ከመዋቅር ወደ መዋቅር፣ ከፊሎቹም ከከተማ ወደ ከተማ ተዛውረዋል። ለውጡ ለሕዝብ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ ቢሆንም የሥራ ድርሻን፣ አለቃንና የመኖሪያ ቦታን በአንድ ጊዜ መለወጥ በሠራተኛው ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል አይደለም።

ጫናው ሳይለካ ሲቀር ምን እንደሚከተል በዚያው ከተማ የታየ ምሳሌ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ ይተኩ እንደነበር ገልጿል። ዝቅተኛ ደመወዝና አስቸጋሪ የኑሮ ሁኔታ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኛ ሲከፋው ሥራውን ለቅቆ ይሄዳልና ችግሩ በቁጥር ይታያል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ ወንበሩን አይለቅም። ጫናው የሚገለጸው በመዘግየት፣ በመቅረት፣ በቁጡ መልስና «ነገ ተመለስ» በማለት ስለሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ተገልጋዩ ነው።

መጠይቁ የሚለካው ሥራውን ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መረጃ መሠረት በድባቴና በጭንቀት ሳቢያ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ። በአገራችንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታሎች መጠይቅ ከሞሉ ነርሶች ውስጥ ከሦስቱ ከአንድ የሚበልጡት ከሥራ ጋር የተያያዘ ውጥረት እንዳለባቸው አመልክተዋል።

መልካም መጠይቅ «ተጨንቀሃል?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ጫናው ከየት እንደሚመጣ ይለያል። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት የሚጠቀምበት 35 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚመዝናቸው ጉዳዮች ስድስት ናቸው፦ የሥራው ብዛት፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ የመወሰን ዕድሉ፣ ከኃላፊና ከባልደረባ የሚያገኘው ድጋፍ፣ የሥራ ቦታ ግንኙነት፣ የሥራ ድርሻ ግልጽነት እና ለውጥ የሚመራበት መንገድ።

ይህ ልዩነት ለመፍትሔው ወሳኝ ነው። መልሱ «የሥራው ብዛት» ከሆነ የሰው ኃይል ድልድልን ወይም የወረፋ አሠራርን ማስተካከል ያስፈልጋል። «የሥራ ድርሻዬ ግልጽ አይደለም» ከሆነ መመሪያውን ማብራራት ሊበቃ ይችላል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ለሁሉም የአንድ ቀን የውጥረት አያያዝ ሥልጠና መስጠት ግን ችግሩን ወደ ግለሰቡ ማዞር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 መመሪያም የሥራ ሁኔታውን ማሻሻልንና የኃላፊዎችን ሥልጠና ከሚመክራቸው እርምጃዎች መካከል አካትቷል።

መተማመን ከሌለ እውነተኛ መልስ አይገኝም

በአነስተኛ መስሪያ ቤት ትልቁ ፈተና ምስጢራዊነት ነው። ስድስት ሠራተኞች ባሉበት የሥራ ክፍል ስም ባይጻፍም ጾታ፣ የሥራ መደብና የአገልግሎት ዘመን ከተጠየቀ መልስ ሰጪው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ «ሁሉም መልካም ነው» ብሎ ይሞላል። ስለሆነም የአነስተኛ ክፍሎች ውጤት ተዳምሮ መቅረብ፣ መጠይቁም ከቅርብ ኃላፊው ውጭ ባለ አካል መሰብሰብ ይኖርበታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ያዛል። መልሱ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ወይም ለዲሲፕሊን ክስ እንደማይውል አስቀድሞ በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

ቋንቋም ሌላው ጉዳይ ነው። በሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋው ሲዳምኛ ሲሆን አማርኛም በሰፊው ይነገራል። መጠይቁ በሁለቱም ካልቀረበ ሠራተኛው የሚመልሰው የተሰማውን ሳይሆን የገባውን ያህል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውጤቱ ወደ ሠራተኛው መመለስ አለበት። የሲዳማ ሕዝብ የመመካከርና እውነትን የማፈላለግ ባህል የሆነው አፊኒ በጥሬ ትርጉሙ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። መጠይቅም ከዚህ የተለየ ዓላማ የለውም። ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል፤ ሠራተኛው በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቱን ለይስሙላ ይሞላዋልና። ስለዚህ ኃላፊው ውጤቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሠራተኞች ማሳወቅ፣ ሁለት ወይም ሦስት ችግሮችን መርጦ መፍትሔ፣ ፈጻሚና የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ፣ ከዓመት በኋላም በዚያው መጠይቅ ለውጡን መለካት ይጠበቅበታል።

ተገልጋዩ ምን ያድርግ?

የሠራተኛው ጫና መለካቱ የተገልጋዩን መብት አይቀንስም። በቻርተሩ የተቀመጠው ጊዜ ካለፈ የቅሬታ ሰሚ አካል ዘንድ ማመልከት ይቻላል። ሆኖም አቤቱታው ዝርዝር ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል፦ የመጡበት ቀንና ሰዓት፣ የተሰለፉበት መስኮት፣ የቆዩበት ጊዜ፣ እንዲመለሱ ከተነገረዎትም የተሰጠዎት ምክንያት። እነዚህ መረጃዎች ከሠራተኞች መጠይቅ ውጤት ጎን ሲቀመጡ መዘግየቱ ከአንድ ሰው ቸልተኝነት የመጣ ይሁን ወይም ሁለት ባለሙያ የሚያስፈልገው መስኮት ለአንድ ሰው ስለተተወ ለመለየት ያስችላሉ። ቸልተኝነት ተጠያቂነትን ያስከትላል፤ የአሠራር ጉድለትን ማስተካከል ደግሞ የመስሪያ ቤቱ ኃላፊ ግዴታ ነው።