የእናት ጫማ፣ ከመርካቶ እስከ ቦሌ

ልጆቿን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የምትሄድ እናት ያለችበት ቤት ሽር ጉዱ የሚጀምረው መርካቶ ነው። በርበሬው ይገዛል፣ ሽሮው ይዘጋጃል፣ ሻንጣው ይመረጣል። በመጨረሻም «ለመንገዱ አዲስ ጫማ ያስፈልጋታል» ይባልና ጫማ መደብሮቹን መዞር ይመጣል። በዚህ ወር ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ጫማ ነው። እናታችሁን በር ላይ ስማችሁ ከተለያችሁ በኋላ መጀመሪያ ከሚያናግሯት ሰዎች አንዱ «ማዘር፣ ጫማ ያውልቁ» የሚላት ፈታሽ ነውና።

ነገሩ ከየት መጣ? ታኅሣሥ 13 ቀን 1994 ዓ.ም. ሪቻርድ ሪድ የተባለ እንግሊዛዊ ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ፣ ጫማው ሶል ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ በክብሪት ሊለኩስ ሲል አስተናጋጆችና ተሳፋሪዎች ተረባርበው ያዙት። ከዚያ ወዲህ የፈታሾች ዓይን ጫማ ላይ አረፈ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. አሜሪካ ጫማ ማውለቅን በኤርፖርቶቿ ግዴታ አደረገች። 19 ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላም ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ግዴታው መቅረቱ ተነገረ። አሁን እዚያ የሚያወልቀው ማሽኑ የጮኸበት ወይም ተጨማሪ ፍተሻ የሚደረግለት ሰው ነው።

ይህን የሰማ ልጅ ከዋሽንግተን ይደውልና «እማዬ፣ ጫማ ማውለቅ ቀርቷል እኮ!» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ግን የነገራት ስለ መመለሻዋ ነው። ስትሄድ የምትፈተሸው ቦሌ ነው፤ ቦሌ ደግሞ የራሱ አሠራር አለው። ተርሚናሉ መግቢያ ላይ አንዴ፣ ወደ መሳፈሪያው ከማለፏ በፊት ሌላ ጊዜ ትፈተሻለች። መንገድ ላይ አውሮፕላን የምትቀይር ከሆነ የዚያም አገር ደንብ አለ። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ ልታወልቅ እንደምትችል አስባችሁ ግዙ።

እንግዲህ መርካቶ ስትወርዱ እነዚህን ያዙ። ማሰሪያው ብዙ የሆነ ወይም ጎንበስ ብለው የሚታገሉት ጫማ ይቅር፤ እግር ሰተት ብሎ የሚገባበት፣ ተረከዙን ያዝ የሚያደርግ ዝቅ ያለ ጫማ ይሻላል። አንዳንድ ጫማ ሶሉ ውስጥ፣ ተረከዙና ፊቱ መካከል፣ ቅርጹን የሚይዝ ብረት አለው፤ ማሽኑን የሚያስጮኸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና ሶሉ ላይ አስጠጉት፤ ከሳበ ሌላ አማርጡ። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ፣ ከ12 ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራም ስለሚያብጥ፣ ልኩን ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፤ ትንሽ ሰፋ ይበል። ከጉዞው በፊትም ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ትልመደው።

ካልሲ አትርሱ። በተለይ ስኳር ያለባት እናት በባዶ እግሯ ወለል መርገጥ የለባትም። የሕክምና ጫማ የምታደርግ ወይም ጉልበቷ የማይታጠፍ ከሆነ፣ ሰልፉ ሳይደርሳት ለፈታሹ ትንገር፤ ወንበርም ትጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መርካቶ ውስጥ «ቦምብ ተራ» ማለት የሰፈር ስም መጥራት ነው። ፍተሻ ላይ ግን ጫማው ከየት እንደተገዛ ጨዋታ ቢነሣ «ከመርካቶ» ማለቱ ይበቃል። ያቺ ቃል በየትኛውም አገር ፍተሻ ላይ ለቀልድ አትነሣም።

ጫማ ማውለቅ ራሱ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። እዚያው መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚገባውም አንዋር መስጊድ የሚገባውም አውልቆ ነው። ግን እዚያ ማንም አያጣድፋቸውም። ኤርፖርት ውስጥ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ከፊት ሳጥኑ ይሄዳል፣ ቀበቶው፣ ስልኩ፣ ቦርሳው አንድ ላይ ይጠየቃል። ሸኚም አብሮ አይገባም። ብዙ እናቶችን የሚያስደነግጣቸው ይህ ጥድፊያ ነው፤ ደንግጠውም ፓስፖርታቸውን ሳጥኑ ውስጥ ትተው የሚሄዱ አሉ።

ስለዚህ ከመሄዷ በፊት አንድ ማታ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ቤት ውስጥ አለማምዷት። ሶፋው ፍተሻ ይሁን፣ የእንጀራ ትሪው ሳጥን ይሁን። ልጆቹ ፈታሽ ይሁኑ። ታውልቅ፣ ታስቀምጥ፣ ትለፍ፣ ተቀምጣ ታድርግ። ፓስፖርቷን መጀመሪያ፣ ጫማዋን ቀጥሎ እንድታነሣ ንገሯት። ይሳቅ፣ ይቀለድ። ቦሌ ስትደርስ ግን ነገሩን ታውቀዋለች፤ ሰውም ቢያጣድፋት «ቆይ ልጄ፣ ጫማዬን ላድርግ» ለማለት አታፍርም።