ገማቹ «ዝቅ ላድርግልህ፣ እንካፈል» አለኝ

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ቤት ትታልናለች፤ ወራሾቹ እኔና እህቴ ብቻ ነን። እሷ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው፣ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ አለሁ። ቤቱ ተገምቶ ድርሻዋን ከፍዬ እንዳስቀረው ተስማማን። ደላላ ያመጣልኝ ገማች ግን «ዝቅ አድርጌ እገምትልሃለሁ፤ ከቀነስኩልህ ላይ አስር በመቶ ትሰጠኛለህ» አለኝ። እህቴ ደግሞ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሰውየው የሚከፈለው እንዴት ነው?» ብላ ነው። እስካሁን አልመለስኩላትም። ምን ይሻለኛል?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዝም ማለትህ ራሱ መልሱን እንደምታውቀው ያሳብቅብሃል።

እህትህ ተጠራጥራህ የጠየቀች አይመስለንም። እሷ ባለችበት አገር ይሄ የተለመደ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ የቁጠባና ብድር ድርጅቶች ሲወድቁ ካባባሱት ነገሮች አንዱ የተጋነነ የንብረት ግምት ነበር። በ1989 «ዩስፓፕ» የተባለው የገማቾች ደንብ ጸደቀ። በዚህ ደንብ ገማች በሚያወጣው ዋጋ መጠን ወይም ደንበኛው የሚፈልገውን ቁጥር በማምጣቱ ሊከፈል አይችልም። ሥራውን ላመጣለት ሰው ኮሚሽን ከከፈለም በሪፖርቱ ውስጥ መግለጽ አለበት። (ደላላህ ስንት እንደሚደርሰው ጠይቀሃል?)

በመቶኛ መሥራት ለደላላ ነውር የለውም፤ ላንተ ሊከራከር ነዋ የቀጠርከው። ገማች ግን የሚሠራው ለእህትህም ጭምር ነው። ከቁጥሩ ላይ የሚበላ ከሆነ ቁጥሩን ማን ያምነዋል? ደግሞ ላንተ ዝቅ ያደረገ ሰው፣ እህትህ ቀድማ ብታገኘው ኖሮ ለእሷ ከፍ ያደርግላት ነበር።

ያንን ሰው አሰናብተው። ሌላ ባለሙያ ፈልጉና ቤቱን ከማየቱ በፊት በቁርጥ ዋጋ ተስማሙ፤ ቁጥሩ ቢወጣም ቢወርድም ክፍያው ያው እንዲሆን በጽሑፍ ይስፈር። ክፍያውን አንተና እህትህ እኩል አዋጡ። ሰውየው ቤቱን እንዴት እንደለካ፣ ከየትኞቹ ሽያጮች ጋር እንዳነጻጸረ ይጻፍ፤ ኮፒው በዚያው ቀን ለእሷ ይላክ።

ምናልባት ልብህን ያባባው የገንዘብ እጥረት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጊዜ እንድትሰጥህ፣ በየወሩ እንድትከፍላት ለምናት። ከገዛ ድርሻዋ ሳታውቅ ከምትቀንስባት እያወቀች ብትታገስህ ይሻላል። ሰውየው ያለህንም አትደብቃት። እኛ ጋ ሲመሽ እሷ ጋ ገና ቀን ነው፤ ዛሬውኑ ደውልላት።