የአራት ሰዓት መንገድ



ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ ያለው የአየር ርቀት 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላን በ4 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ግን ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። በሰዓት ብንቈጥረው፣ በዱባይ የምትኖሩት እናንተ ከጎንደር ሰው ይልቅ ለአዲስ አበባ ትቀርባላችሁ።

ትኬት ስታነቡ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። የዱባይ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ወደዚህ ስትመጡ 5 ሰዓት፣ ወደ ቤት ስትመለሱ 3 ሰዓት የበረራችሁ ይመስላል። በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ግን በሁለቱም ጉዞ ተቀራራቢ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል በካርታ ላይ ቀጥተኛ መስመር ብንሰምር፣ አፋርን፣ ቀይ ባሕርንና የመንን ያቋርጣል። በዚያው ምድር ወገኖቻችን በእግርና በጀልባ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር ሳምንታት ይንከራተታሉ፤ በባሕሩና በበረሃው የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ርቀትን የሚወስነው ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ በእጅ ያለ ወረቀትም ይወስነዋል።

ታዲያ አገሩ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ፣ ከእናንተ መካከል ወላጆቻቸውን ለዓመታት ሳያዩ የሚቀሩት ስለ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት መንገዱን የሚያረዝሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በአሠሪ እጅ የተያዘ ፓስፖርት፣ ለመምጫ የተገባ ዕዳ፣ ባዶ እጅን የመመለስ ኀፍረት።

ስለ መጀመሪያው ሕግ አለ። በ2022 የወጣው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት 30 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል፤ ዕረፍቱን በአገሩ ለማሳለፍ ለሚፈልግ ሠራተኛም በየሁለት ዓመቱ የደርሶ መልስ ትኬት በአሠሪው እንዲሸፈን ያዛል። የመታወቂያ ሰነዶቹን በእጁ የመያዝ መብትም ለሠራተኛው ነው። ሕግ መጻፉ ብቻውን በር እንደማይከፍት እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የማያውቁትን መብት ግን መጠየቅም አይቻልም። ስለዚህ ውል ሳትፈርሙ ስለ ዕረፍቱና ስለ ትኬቱ ጠይቁ፤ የውሉንም ቅጂ ያዙ። በሌላ አገር ያላችሁም የዚያን አገር ሕግ ከሚያውቅ ሰው ተረዱ።

ዕዳው ጊዜ ይጠይቃል፤ ቢሆንም ለትኬት በየወሩ ጥቂት ማስቀመጥን ከዕዳው መልስ ሳይሆን ከዕዳው ጋር ጀምሩት።

ሦስተኛውን ሕግ አያነሣውም፤ እርሱ በእኛው መካከል ያለ ነው። ስጦታ የሞላ ሻንጣ እስኪዘጋጅ ድረስ ጉዞውን ከዓመት ወደ ዓመት የምታሸጋግሩ እኅቶችና ወንድሞች አላችሁ። ሻንጣው ይቈይ፤ የእናት ዕድሜ ግን አይቈይም። ለቅሶዋን በስልክ ከመስማት ሳለች ባዶ እጅ ገብቶ አብሯት ቡና መጠጣት ይሻላል። ለቤተ ሰቦቻችሁም ይህንኑ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «እኔ እመጣለሁ፣ ዕቃ ግን አልይዝም» በሉ። ይህን መናገር ከበረራው ይልቅ ሊከብድ ይችላል፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአራት ሰዓት መንገድ ነው።